«በሞቴ» ብዬ ፖሊስ ያስመጣሁበት ሌሊት

ጅማ በገባሁ በሦስተኛው ቀን፣ አጂፕ አካባቢ ባለች አንዲት ጠባብ ጌም ቤት ውስጥ ተቀምጬ ዝናቡ እስኪያባራ ስጠብቅ፣ ከፊቴ ኳስ ይጫወት የነበረ የአሥራ አራት ዓመት ያህል ልጅ ጆይስቲኩን ሳይለቅና ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል «ጋሼ፣ እዚያ ከፈረንጆች ጋር ስትጫወት የምትሳደበው በእንግሊዝኛ ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ዕድሜዬ 29 ነው፤ «ጋሼ» መባሌን ዋጥ እስካደርግ መልሱ ዘገየብኝ። ልጁም ዝምታዬን የቋንቋ ችግር አድርጎ ስለወሰደው «ካቃተህ በኦሮምኛ ስደባቸው፣ ማን ይሰማሃል!» ብሎ አጽናናኝና ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

በዚያች ቅጽበት ያልመለስኩለትን እዚህ ልመልስለት። በሰው አገር በተጫወትኩባቸው አምስት ዓመታት በስድብ ምክንያት የተቸገርኩበት ቀን የለም። ስድብ በቀላሉ ይተረጎማል፤ ቃሉን የማያውቅ ሰው እንኳ ከድምፁና ከፊት ገጹ መሰደቡን ይረዳል። እኔን በእኩለ ሌሊት ጋቢ ለብሼ በሁለት ፖሊሶች ፊት ያቆመኝ ደግነት ነው፤ ያውም እናቶቻችን ቡና ሲቀዱና እንጀራ ሲያቀርቡ ከአፋቸው የማይለዩት «በሞቴ» የሚለው ቃል ነው።

የጠፈር ተከታታይ ፊልሞች ፍቅር የያዘኝ እዚሁ ጅማ ነው። በልጅነቴ በሰፈራችን ዲሽ የነበረው አንድ ቤት ብቻ ሲሆን፣ እዚያ ተሰብስበን የምናየውም የዓረብኛ ጽሑፍ ከግርጌው የሚሮጥበትን ኤምቢሲ ቱን ነበር። እንግሊዝኛው ይፈጥንብናል፤ ዓረብኛውን ለማንበብ የሚሞክሩት ደግሞ መድረሳ የሚሄዱት ጓደኞቻችን ብቻ ስለነበሩ፣ እነሱ ገሚሱን ከጽሑፉ ገሚሱን ከራሳቸው እያዋጡ በኦሮምኛ ይነግሩናል፣ እኛ ደግሞ ኦሮምኛ ላልገባቸው በአማርኛ እናቀብላለን። አንድ ቀልድ ሦስት ቋንቋ ተሻግሮ መጨረሻው ረድፍ ላይ ከተቀመጠው ልጅ ዘንድ ሲደርስ መርከቧ ፈንድታ አልቃለች፤ ልጁ ሁሉም በሚያለቅስበት ሰዓት ብቻውን ይስቃል። ከፍ ስንል መርካቶ ፊልም የሚጭን ልጅ ዘንድ ፍላሽ ይዘን እየሄድን ሙሉ ሲዝን አስጭነን እንመለስ ጀመር፤ ክፍሎቹ ተዘበራርቀው ስለሚገለበጡም የመጨረሻውን አይተን የመጀመሪያውን የምንጀምርበት ጊዜ ብዙ ነበር። ከዚያ ሁሉ ጊዜ የቀረልኝ ጽኑ እምነት አንድ ነው፤ አክተር አይሞትም።

አሁን የምኖረው ኮሎራዶ ውስጥ፣ ዴንቨር አጠገብ ባለችው አውሮራ ነው። ጓደኞቼ እንደሚያስቡት በየመንገዱ ሮቦት የሚታይበት ቦታ አይደለም። በሳምንት አራት ሌሊት፣ በየሌሊቱ አሥር ሰዓት፣ መጋዘን ውስጥ ካርቶን እከፍታለሁ፣ ዕቃ ስካን አደርጋለሁ፣ መልሼ አሽጋለሁ። ዴንቨር ከባሕር ጠለል በላይ 1,609 ሜትር ላይ ስትሆን ጅማ ደግሞ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ከፍታው አልከበደኝም፤ የከበደኝ ድርቀቱ ነው፤ በጅማ ዝናብ ያደገ ከንፈር እዚያ በሁለተኛው ሳምንት ይሰነጠቃል። አብሬያቸው የምኖረው ደባሌ ታክሲ የሚነዱ የአገሬ ሰው ናቸው። እኔ ስወጣ እሳቸው ይተኛሉ፣ እሳቸው ሲወጡ እኔ እተኛለሁ፤ ሁለት ዓመት ስንኖር መገናኛችን ማቀዝቀዣው ውስጥ አንዳችን ለሌላችን የምንተወው ወጥ ነበር።

በዕረፍት ሌሊቶቼ ከሦስት የሥራ ባልደረቦቼ ጋር በኢንተርኔት የምጫወተው «ኖ ማንስ ስካይ» የሚባለውን የጠፈር ጨዋታ ነበር። ሄሎ ጌምስ የተባለ አነስተኛ የእንግሊዝ ድርጅት በፈረንጆቹ 2016 ያወጣው ይህ ጨዋታ 18,446,744,073,709,551,616 ፕላኔቶች አሉት ይባላል፤ ይህን ያህል ፕላኔት ሰው ተቀምጦ ስላልሣለ ኮምፒውተሩ ራሱ በቀመር እየፈለቀቀ ተጫዋቹ በደረሰ ጊዜ ያወጣቸዋል። ጨዋታው በወጣበት ሰሞን ሁለት ተጫዋቾች ተቀጣጥረው በአንድ ፕላኔት አንድ ቦታ ላይ ቢቆሙም አንዱ ሌላውን ሊያየው አልቻለም ነበር፤ ነገሩ ትልቅ ቅሬታ አስነሥቶ እውነተኛው የአብሮነት ጨዋታ የመጣው ከሁለት ዓመት በኋላ በ2018 ነው። ይህን ታሪክ ስሰማ በአንድ ጣሪያ ሥር የማልተያያቸው ደባሌ ትዝ አሉኝ፤ የእኛን የሚያስተካክል ግን እስካሁን አልተገኘም።

የወደድኩት ግን ቋንቋውን ነው። በየፕላኔቱ የሚገኙት ፍጡራን፣ ጌክ፣ ኮርቫክስና ቫይኪን ይባላሉ፣ የየራሳቸው ንግግር አላቸው፤ ተጫዋቹም ጥንታዊ ድንጋዮችን እየፈለገ ቃላቸውን አንድ በአንድ ይለቅማል። አሥር ቃል ካለው ዓረፍተ ነገር ሁለቱ ብቻ ስለሚገቡት የቀረውን በግምት ሞልቶ መልስ ይሰጣል፤ ግምቱ ሲስት ይሸለማል ብሎ የጠበቀው ይቀጣል። ጓደኞቼ ይህ አሰልቺ ነው ይሉ ነበር። ለእኔ ግን የመጀመሪያው ዓመት የአሜሪካ ኑሮዬ ቅጂ ነበር፤ የባንክ ሠራተኛዋ በተናገረችኝ ቁጥር ከአሥሩ ሁለቱን እየያዝኩ በፈገግታ የሞላሁትን ሁሉ አስታውሶኛል።

ወደዚያ ሌሊት ልግባ። ወሩ ታኅሣሥ ነበር፤ አራታችን በረዶ ማዕበል የሚነሣባት ፕላኔት ላይ ወርደን ማዕድን ስንቆፍር፣ ከመካከላችን ጢሙን ያሳደገው፣ ባለጢሙ እያልኩ የምጠራው ባልደረባዬ፣ የመተንፈሻው ኃይል ሊያልቅ ተቃረበ። የሚሞላው በኦክስጅን ነው፤ እኔ ደግሞ በቦርሳዬ ሞልቶኛል። ጨዋታው ዕቃን አጠገብ ወዳለ ጓደኛ ቦርሳ ማስተላለፍ ስለሚፈቅድ አንዲት ቁልፍ ተጭኜ መላክ እችል ነበር። ነገር ግን እኔ ሳይለምኑት የሚቀበል ሰው እያየሁ አላደግሁም፤ የሚቀበልም ቢኖር ሳልለምን መስጠት ውርደት ሆኖ ይታየኛል። ስለዚህ በማይክሮፎኑ «ልስጥህ» አልኩት። «አያስፈልግም፣ ለራስህ ያዘው» አለኝ።

እዚህ ላይ ጅማ ተነሣችብኝ። በእኛ ቤት የመጀመሪያው «በቃኝ» ይሉኝታ፣ ሁለተኛው ጨዋነት ነው፤ እውነተኛው መልስ የሚመጣው ከሦስተኛው በኋላ ነው። ስለዚህ ድምፄን ዝቅ፣ አንጀቴን ለስለስ አድርጌ፣ እናቴ ለእንግዳ በምትለምንበት ዜማ፣ ቃሉን ብቻ ወደ እንግሊዝኛ ገልብጬ «ውሰደው፣ በሞቴ!» አልኩ። የመስመሩ ሌላ ጫፍ ዝም አለ። ዝምታውን ማመንታት መስሎኝ «እምቢ አትበለኝ፤ እኔ ልሙት፣ አፈር ስሆን ውሰደው» ብዬ ደገምኩ። እንግሊዝኛው ቃል በቃል «ልሙት፣ አፈር ልሁን» ሆኖ እንደወጣ ልብ አላልኩም። ሦስተኛውን ልምምጥ ስጀምር፣ ማሞቂያዬና ጀበናዬ የተጣደባት የኤሌክትሪክ ምድጃ በአንድ መስመር ላይ ስለነበሩ፣ ብሬከሩ ወረደና ቤቱ ጨለመ።

ማንም አሜሪካዊ ተነሥቶ ብሬከሩን ይመልሰዋል። እኔ ግን የጅማ ልጅ ነኝ፤ መብራት ሲሄድ ሰው ይተኛል እንጂ መብራቱን ፍለጋ አይወጣም። ስልኬም ባትሪው አልቆ ነበር። ጋቢዬን ተከናንቤ ተኛሁ።

አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ በሩ ተደበደበ። ስከፍት ሁለት ፖሊሶች የእጅ ባትሪያቸውን ፊቴ ላይ አበሩ። ስሜን ጠርተው ካረጋገጡ በኋላ ትልቁ ፖሊስ፣ ልጅ በሚያባብል ድምፅ፣ ራሴን ለመጉዳት አስቤ እንደሆነ ጠየቀኝ። «የለም፣ ኦክስጅን እየሰጠሁት ነበር» አልኩ። ለማን እንደምሰጥ ጠየቀኝ፤ ለጓደኛዬ አልኩ። ጓደኛዬ የት እንዳለ ጠየቀኝ፤ ከእንቅልፌ ገና ስላልነቃሁ «ፕላኔት ላይ» ብዬ መለስኩ። ፖሊሱ ባልደረባውን አየት አድርጎ በማስታወሻው ላይ ጻፈ። በዚህ መካከል ደባሌ ድምፅ ሰምተው፣ የመጡት የኢሚግሬሽን ሰዎች መስሏቸው፣ በፒጃማ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው ከመኝታ ክፍላቸው ብቅ አሉ። «ምን አጠፋህ?» አሉኝ በአማርኛ። «መሞት እንደምፈልግ ይጠይቁኛል» አልኳቸው። እጃቸውን ሳያወርዱ «ለማን ብለህ?» አሉኝ።

ከዚያ የቀረው የትርጉም ሥራ ነበር። በአገራችን ሰው ምግብ ሲያቀርብ በራሱ ሞት እንደሚምል ለማስረዳት ሞከርኩ። «እንግዳው ካልበላ ትሞታለህ ማለት ነው?» አለ ፖሊሱ። «አይ፣ ይበላል።» «እምቢ ካለስ?» «እምቢ የሚል የለም።» ይህንንም ጻፈው። ሲወጡ 988 የሚል ቁጥር ያለበት ወረቀት ሰጡኝ፤ ጭንቀት ያጠቃው ሰው ከ2022 ጀምሮ በመላው አሜሪካ በማንኛውም ሰዓት ደውሎ ወይም መልእክት ልኮ ሰው የሚያናግርበት ቁጥር ነው፤ የሚያስመሰግን ነገር ነውና ማወቁ አይከፋም። ነገሩን ስናገር ሰው ይስቃል፤ እኔም እስቃለሁ። ነገር ግን በዚያ አገር እንዲህ ያለው የደኅንነት ጉብኝት በጥይት የተጠናቀቀባቸው አጋጣሚዎች በዜና የተነገሩ ስለሆነ፣ ጥቁር ሰው በጨለማ በር ላይ ጋቢ ውስጥ እጁን ደብቆ መቆም እንደሌለበት ያወቅሁት ካለፈ በኋላ ነው።

ያዋረደኝ ግን ፖሊሱ አይደለም። በማግሥቱ ሥራ ስገባ አለቃዬ ቢሮ አስጠርቶኝ፣ ወንበር ስቦልኝ፣ ውኃ ቀድቶልኝ፣ ለጥቂት ጊዜ የካርቶን መቁረጫ ምላጬን ቢያስቀምጥልኝ ቅር ይለኝ እንደሆነ ጠየቀኝ። በሦስት ዓመት ሥራ አንድ ካርቶን አበላሽቼ አላውቅም። ምላጬን ተቀብሎ መሳቢያው ውስጥ ቆለፈበትና ለሁለት ሳምንት ወረቀት መለጠፊያው ክፍል መደበኝ፤ እዚያም ከአንድ አዲስ የገባ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ጎን ቆሜ አድራሻ ስለጥፍ ባልደረቦቼ በአጠገቤ ሲያልፉ ድምፃቸውን ይቀንሱ ነበር። አንዲት ሴትዮ ኩኪስ አመጣችልኝ፤ አንድ ጊዜ ብቻ «ትፈልጋለህ?» ብላ፣ ለይሉኝታ «አይ፣ አመሰግናለሁ» ስላት ይዛው ሄደች። እዚያች ላይ ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ እሷም ማየቷን ለአለቃዬ ሪፖርት አደረገች።

ከዚህም በላይ የሚያናድደኝ ፍርደ ገምድልነቱ ነው። እነዚያው ሰዎች ቀልድ በሰሙ ቁጥር «ሞትኩ!» ይላሉ፤ ስብሰባ ሲረዝም «ግደሉኝ» ይላሉ፤ ለአንዳቸውም ፖሊስ መጥቶ አያውቅም። እነሱ ለሳቅና ለመሰልቸት ሲሞቱ ልክ ነው፤ እኔ ለጓደኛ ትንፋሽ ስሞት በሽታ ሆነ። ባለጢሙም ቢሆን ቤቱ ከእኔ በመኪና አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው፤ ራሱ ቢመጣ ጀበናው ተጥዶ ነበር። በሌላ በኩል ግን፣ በጅማ ለአንድ ሰዓት ድምፄ ቢጠፋ ማን ይደነግጥ ነበር? «መብራት ሄዶበት ይሆናል» ብለው ይተዉኝ ነበር፤ እውነታቸውንም ነበር።

ባለጢሙ ከሦስት ሳምንት በኋላ ይቅርታ ሊጠይቀኝ ቤቱ ጠርቶ፣ ፒዛ አዝዞ፣ አንድ የቴሌቪዥን ክፍል አሳየኝ። «ስታር ትሬክ» በፈረንጆቹ 1966 ተጀምሮ ብዙ ተከታዮችን የወለደ የጠፈር ድራማ ነው፤ ያሳየኝ ከነዚያ አንዱ በሆነው «ዘ ኔክስት ጄኔሬሽን» በ1991 የተላለፈውን «ዳርሞክ» የሚባለውን ክፍል ነበር። በዚያ ድራማ ጠፈርተኞቹ የማንኛውንም ፍጡር ንግግር የሚተረጉም መሣሪያ አላቸው። በዚህ ክፍል ግን ታማሪያን የተባሉ ሕዝቦች ያጋጥሟቸዋል፤ መሣሪያው ቃላቸውን አንድ በአንድ ይተረጉመዋል፣ ከሚሉት ግን ምንም አይገባም፤ ምክንያቱም የሚነጋገሩት የጥንት ታሪካቸውን ሰዎችና ቦታዎች እየጠሩ ብቻ ነው። ታሪኩን የማያውቅ ሰው ስሙን ቢሰማ ምን ይረባዋል? የእነሱ አዛዥ ዳቶንና የመርከቧ አዛዥ ፒካርድ በአንዲት ፕላኔት ላይ ለብቻቸው ሲያድሩ፣ ፒካርድ እሳት ማንደድ አቅቶት ሲንቀጠቀጥ ዳቶን የሚነድ እንጨት ይወረውርለትና «ቴምባ፣ እጆቹን ዘርግቶ» ይለዋል። እንካ ማለቱ ነው።

ምስሉን አስቁሜው ባለጢሙን «ይህ ሰውዬ የእኛ አገር ሰው ነው» አልኩት። እኛ ጋ አንድ ሽማግሌ «የአህያ ባል…» ብሎ ዝም ቢል ጅቡን የሚጨርስለት ሁሉም ነው፤ ለመሣሪያው ግን አህያ ማግባቱ ብቻ ይደርሰዋል። «በሞቴ»ም እንዲሁ ቴምባ ነው፤ ውስጡ ሞት የለም፣ የተዘረጋ እጅ እንጂ። ባለጢሙ ራሱን ነቀነቀና ቀጠልን። ዳቶን ከአውሬ ጋር ተዋግቶ በደረሰበት ቁስል ሞተ። «አክተር አይሞትም» ብዬ ስከራከር ባለጢሙ አክተሩ ፒካርድ መሆኑን አስረዳኝ፤ ቴምባ ያለውን ሰው ግን እኔ በልጅነት ሕጋችን አክተር አድርጌ መዝግቤዋለሁ።

ፓስፖርታችሁን ይዛችሁ ቀን ለምትቆጥሩ የጅማ ልጆች የምመክረው ከዚሁ የመጣ ነው። እንግሊዝኛ ለመልመድ ተከታታይ ፊልም ማየት ይረዳል፤ ነገር ግን ግርጌው ላይ ራሱ እንግሊዝኛው የተጻፈበትን አስጭኑ፣ እኛ በዓረብኛና በኦሮምኛ ተሻግረን የደረስንበትን ዙሪያ ጥምጥም አትሂዱ። ስድብ አትማሩ፤ ሳትፈልጉት ይመጣል። የሚከብደው ፍቅርን የምትገልጹባቸውን ቃላት አገር ቤት ትቶ መሄድ ነው። «እናቴ ትሙት» ብላችሁ ለአለቃችሁ ብትምሉ፣ የሚጠይቃችሁ እናታችሁ ምን እንዳደረገቻችሁ ነው። «ጠፋህ» ስትሉት መንገድ አልጠፋብኝም ይላችኋል፤ «ወፍረሃል» ካላችሁት ደግሞ ወዳጅነታችሁ እዚያ ላይ ያበቃል። ሲሰጧችሁም በመጀመሪያው «ውሰድ» ላይ ውሰዱ፤ ሁለተኛው አይመጣም፤ እኔ በዚህ ምክንያት ስንት ጊዜ ተርቤ እንደተመለስኩ ለደባሌ ብቻ ነው የነገርኳቸው። በመጨረሻም መብራት ሲጠፋባችሁ ብሬከሩን አንሡ።

ትናንት አመሻሽ ላይ ጎረቤታችን እትዬ ሦስተኛውን ስኒ ቀድተው «በሞቴ» ሲሉኝ አንገቴን አቀርቅሬ ተቀበልኳቸው። «ምን ሆንክ?» አሉኝ። የፖሊሱን ነገር ብነግራቸው እናቴ ዘንድ ከእኔ ቀድሞ ስለሚደርስ፣ ቡናው አቃጠለኝ ብዬ አለፍኩት።

ከባለጢሙ ጋር ዛሬም እንጫወታለን። በዚያ ሌሊት መብራቴ ከሄደ በኋላ እሱ ኦክስጅኑን ሳያገኝ ፕላኔቷ ላይ ሞቶ ነበር፤ በዚህ ጨዋታ የሞተ ሰው እንደገና ይነሣል፣ የያዘው ዕቃ ግን በመቃብሩ ቦታ ይጠብቀዋል። ምላጬ የተመለሰልኝ ሳምንት አብረን ወደዚያች ፕላኔት ወርደን ዕቃውን አነሣን። ማዕበሉ እንደገና ተነሣ፤ የእሱም መተንፈሻ እንደገና ቀላ። በዚህ ጊዜ አልለመንኩትም። አንዲት ቁልፍ ተጫንኩና ኦክስጅኑን ቦርሳው ውስጥ ጨመርኩለት። «አመሰግናለሁ» ብሎ ወዲያው ሞላው፤ አንድ ጊዜ እንኳ «ይቅርብኝ» ሳይል። እስካሁን ቅር ይለኛል።